በነፃ የሚገኘውን ዕውቀት ለቤታችን እንዴት እናውለው?

የባልትና ዕውቀት በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲተላለፍ የኖረው ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአማት ወደ ምራት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ነው። ልጅቷ በእናቷ አጠገብ ሆና ሽሮ ሲዘጋጅ አይታ፣ ጠላ ሲጠነሰስ አግዛ፣ ታናሿን አዝላ አሳድጋ፣ ጎጆ በወጣች ጊዜ ለኑሮዋ የሚያስፈልጋትን አብዛኛውን ነገር አውቃ ትወጣ ነበር። ትምህርት ቤቷ ጓዳው፣ መምህሯም እናቷ ነበረች።

ዛሬ በከተማ የምትኖር ሠራተኛ እናት ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። እናቷ ምናልባት በሩቅ አገር ናት። ጎረቤቶቿም እንደ እርሷው ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ናቸው። በኮንዶሚኒየም የምትኖር ከሆነ ደግሞ ከፊት ለፊቷ ያለው በር የማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሕፃኑ በሌሊት ሲያተኩሰው፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሲቀደድ ወይም የልጁ የሒሳብ የቤት ሥራ አልፈታ ሲል፣ ቀድሞ ለእናቷ ታቀርበው የነበረውን ጥያቄ አሁን የምታቀርበው ለእጅ ስልኳ ነው።

ይህም በራሱ የሚናቅ ነገር አይደለም። ለብዙ ገንዘብ ይሸጥ የነበረ ወይም በሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተዘግቶ ይኖር የነበረ ዕውቀት ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት ያለ ክፍያ ይገኛል። ይሁን እንጂ በዚያው ስልክ ላይ ጠቃሚውና ጎጂው፣ የሐኪሙ ምክርና የአሉባልተኛው ወሬ ጎን ለጎን ተደርድረው ይጠብቁናል። ስለዚህ የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን፣ በነፃ ከሚገኘው ዕውቀት ለቤታችን የሚበጀውን እንዴት መምረጥ፣ እንዴትስ የራሳችን ማድረግ እንደምንችል ይመለከታል።

ፊደሉ ለዚህም ነው

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶች፣ ከነዚህም መካከል እጅግ ብዙ እናቶች፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው ፊደል ቆጥረዋል። ለዚህም ጥረት ኢትዮጵያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት ተቀብላለች። በዚያን ጊዜ ፊደል የቆጠረች እናት ከሁሉ አስቀድማ ያነበበችው ስሟን፣ ቀጥላም የአውቶቡስ ቁጥርና የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ያ ፊደል የስልኩም ቁልፍ ሆኗል።

አጥርታ መጻፍ ለማትችል እናትም ቢሆን በሩ አልተዘጋም። ጎግል የተባለው ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ አማርኛን አስገብቷል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአማርኛ የተነገረውን ድምፅ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ዘዴ ጨምሯል። ይህም ማለት በስልኩ የመፈለጊያ ሰሌዳ ላይ ያለችውን የድምፅ ማጉያ ምልክት ነክቶ ጥያቄን በቃል መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። አንዳንድ ቃል ቢያሳስትም ቀስ ብለው፣ አጠር አድርገው ሲናገሩ በብዛት ይሰማል።

በብዙ ቤት የሚታይ አንድ ልማድ ግን አለ። እናት የምትፈልገውን ነገር ራሷ አትፈልግም፤ «እስቲ ይህን ፈልግልኝ» ብላ ለልጇ ወይም ለባለቤቷ ትሰጣለች። ልጁ በጣቱ ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን ምን መጠርጠር እንዳለበት አያውቅም። ስለ ሕፃን ተቅማጥ የተጻፈውን አንብቦ «ይህስ ለእኛ ቤት ይሆናል ወይ?» ብሎ ለመመዘን የሚችለው ሕፃኑን ያሳደገ ሰው ነው። በመሆኑም እናቶች ይህን ችሎታ ራሳቸው ሊይዙት ይገባል። ልጆቻችን እሑድ እሑድ ሩብ ሰዓት ያህል ቁጭ ብለው ቢያሳዩን በአንድ ወር ውስጥ ለራሳችን የሚበቃውን እናውቃለን። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባል የለ? ልጅን መጠየቅም አያሳፍርም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። በስልክ የሚመጣ ዕውቀትም እንደ ውሃ ሁሉ ከየት እንደተቀዳ መታወቅ አለበት። አንድን ምክር ከመቀበላችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው የሚለው?» የሚል ነው። ምክሩን የሰጠው አካል ስም አለውን? የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ወይስ የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነው? ወይስ ስሙን ሳይገልጽ ነጭ ካፖርት ለብሶ የሚናገር ሰው ነው? በዩቲዩብና በቲክቶክ ማንም ሰው ያሻውን መለጠፍ ይችላል፤ ብዙ ተመልካች ያገኘም ገቢ ሊያገኝበት ይችላል። ስለዚህ አርእስቱ እጅግ የሚያስደነግጥ ወይም «ሐኪሞች የደበቁት ምሥጢር» የሚል ከሆነ፣ የተዘጋጀው እኛን ለማስተማር ሳይሆን ዓይናችንን ለመያዝ ሊሆን እንደሚችል እንገምት። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው «ለአሥር ሰው አስተላልፉ» የሚለው መልእክትማ የመጀመሪያ ባለቤቱ ጭራሽ አይታወቅም። በቅርብ ዓመታት የመጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ሰጪም ቢሆን፣ የተሳሳተውን መልስ ልክ እንደ ትክክለኛው በሙሉ ልብ ሊናገር ስለሚችል፣ የሰጠውን መልስ በሌላ ምንጭ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ለማን ነው የተባለው?» የሚል ነው። ምክሩ ለሌላ አገር እውነት ሆኖ ለእኛ ላይሠራ ይችላል። ለዚህ የኬክ አሠራርን ያህል ጥሩ ምሳሌ አይገኝም። አንዲት እናት ለልጇ የልደት በዓል ከአሜሪካ የመጣ የኬክ አሠራር አግኝታ በጥንቃቄ ብትከተለው፣ ኬኩ ምድጃ ውስጥ ተነፍቶ ቆይቶ መሐሉ ሊሰረጉድ ይችላል። የእጇ ጥፋት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ሊጡም ቶሎ ይነፋል። በመሆኑም ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስና ፈሳሹን ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። በዚሁ ምክንያት በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የውጭ አገሩ መጽሐፍ ከሚለው ይልቅ ሽምብራና ባቄላ በቤታችን ለመብሰል ብዙ ጊዜ የሚወስድበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህም በላይ እነርሱ 350 ዲግሪ የሚሉት በፋራናይት ሲሆን በእኛ መለኪያ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። «አንድ ኩባያ» የሚሉትም 240 ሚሊ ሊትር ያህል ነው እንጂ በቤታችን የሚገኘው ማንኛውም ኩባያ አይደለም።

ከመጋገሪያው ይልቅ የሚያሳስበው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ ያለው ኃይል 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው፤ የሽቦዎቹም ቀለም አመዳደብ ይለያያል። ስለዚህ ከውጭ አገር ፊልም አይቶ ሶኬት መፍታት ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል። የቧንቧ ጎማ መለወጥ ከስልክ ሊማሩት የሚቻል ሥራ ነው፤ ውሃውን ከቆጣሪው አጠገብ ዘግቶ ያለቀችውን ጎማ አውጥቶ በልኳ አዲስ መግጠም ነውና። የኤሌክትሪክ ሥራ ግን ለባለሙያው መተው አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ «መቼ ነው የተባለው?» የሚል ነው። የሕክምና ምክር በየጊዜው ይሻሻላል። የገጹን ቀን ስናነብ ደግሞ የዘመን አቆጣጠሩን እናስተውል። በውጭ አገር ገጽ ላይ 2018 የሚል ቢጻፍ የእኛ 2018 አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር 2010 ወይም 2011 ዓ.ም. ነው። አዲስ መስሎን ያረጀ ምክር እንዳንከተል ይህን ልብ ማለት ይገባል።

ሲሮጡ የታጠቁት

ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባው የጊዜው ጉዳይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ስልክ ከፍቶ መማር አይቻልም። እንዲህ ነው እንበል፤ ማታ ከሥራ የተመለሰች እናት ወጥ እየሠራች ሳለ የሦስት ዓመት ልጇ የፈላ ውሃ በክንዱ ላይ ደፋ። ልጁ ይጮኻል። አንዷ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ ትመጣለች፤ ሌላይቱ ቅቤ ቀቢው ትላለች፤ ሦስተኛዋ ቡና ነስንሺበት ትላለች። በዚያች ደቂቃ ስልክ ቢከፈት ደግሞ ሦስቱም ምክሮች ባማረ ፊልም ተቀናብረው ሊገኙ ይችላሉ። ይህች እናት ትክክለኛውን አስቀድማ ተምራው ቢሆን ኖሮ የማንንም ምክር አትጠብቅም ነበር።

ትክክለኛውም ይህ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ ቀዝቀዝ ባለ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ሥር ይዞ 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት። ቧንቧው ውሃ ከሌለው ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ ቀስ እያደረጉ ማፍሰስ። በረዶ አለማድረግ። ቆዳው ከማበጡ በፊት አምባርና ጠባብ ልብስን ማውለቅ፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ግን አለመንካት። ቀሪውን የልጁን ሰውነት እንዳይበርደው ማልበስ። ከዚያም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈን። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና ወይም እንቁላል አለመቀባት፤ እነዚህ ቁስሉን ለመመረዝ ያጋልጣሉ፣ የሐኪሙንም ሥራ ያከብዳሉ። ቃጠሎው ፊት፣ እጅ ወይም ኃፍረተ ሥጋ ላይ ከሆነ፣ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም በኤሌክትሪክ የደረሰ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ። ይህን ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አስቀድሞ ማወቁ ግን አንድን ልጅ ከዕድሜ ልክ ጠባሳ ሊያድነው ይችላል።

ሌላው ምሳሌ የሕፃናት ተቅማጥ ነው። ሕፃኑን የሚጎዳው በአብዛኛው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ስለዚህ ዋናው ሕክምና የወጣውን መተካት ነው። በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በአብዛኛው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ መበጥበጥ ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ለዚህ ጥሩ መለኪያ ይሆናል። «ጠንከር ይበል» ብሎ ውሃውን ማሳነስ ጨው አብዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ፓኬቱ ከጠፋ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም አፍ ለአፍ ተስተካክሎ፣ በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ጡት አይቋረጥም፤ ምግብም አይከለከልም። የጤና ባለሙያው የሚያዘው የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ ከ10 እስከ 14 ቀን መወሰድ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ትርጉም አንድ ነገር እናንሣ። ምክሩ ከውጭ ቋንቋ በስልኩ ተተርጉሞ የመጣ ከሆነ «የሻይ ማንኪያ» እና «የሾርባ ማንኪያ» ተለዋውጠው ሊመጡ ይችላሉ። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ሲይዝ የሾርባ ማንኪያ 15 ይይዛል። አንዱን በሌላው መለወጥ ጨውን ወይም መድኃኒትን ሦስት እጥፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ልክና መጠን ያለበትን ነገር ሁሉ በመኪና ትርጉም ብቻ አንመን።

ሦስተኛው ምሳሌ የጽዳት «ዘዴ» እየተባለ የሚሰራጨው ነው። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል እድፍ ያስለቅቃል የሚል ምክር በስልክ ሲዞር ይታያል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ዓይንን ያቃጥላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሳንባንም ይጎዳል። አሞኒያ ካለባቸው ማጽጃዎች ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይደባለቅም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥም አይገባም፤ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅምና። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ትምህርት የከሰል ነገር ነው። የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ተዘጋ ክፍል አስገብቶ መተኛት ሽታና ቀለም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተባለ ጋዝ ቤተሰብን ሙሉ ሊገድል ይችላል። ከሰሉ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋም ጋዙ አልጠፋም።

ከየት እንጀምር?

ለመጀመር የሚረዱ ጥቂት ምንጮችን እንጠቁም። ስለ ጤና የዓለም ጤና ድርጅት ገጽ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና አመጋገብ የዩኒሴፍ ገጽ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተባብሮ ለኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጃቸው 13 የትምህርት ሞጁሎች ናቸው። እርግዝናን፣ ወሊድን፣ ክትባትን፣ የተመጣጠነ ምግብን፣ የአካባቢ ንጽሕናንና የሕፃናት በሽታዎችን በእኛው አገር ምሳሌ ያስረዳሉ። ኦፕን ለርን ክሬኤት በተባለው ገጽ በነፃ የተቀመጡ ሲሆን፣ የተጻፉት በእንግሊዝኛ በመሆኑ ከፍተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከእናቱ ጋር ቢያነባቸው ለሁለቱም ትምህርት ነው።

በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ዊኪፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት የአማርኛ ክፍልም አለው። ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው ስለሚችል ከጽሑፉ ግርጌ የተጠቀሱትን ምንጮች ማየት ልማድ ሊሆን ይገባል። የልጆችን ሒሳብና ሳይንስ ለመርዳት ካን አካዳሚ የተባለው ነፃ ትምህርት አለ። ይህ ተቋም የተወለደው ሳልማን ካን የተባለ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. ለአንዲት ዘመዱ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ከጀመረበት የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በአገራችንም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ተጀምሮ የኮምፒዩተር ሙያ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ እንዲሰጥ ተደርጓል። ለልብስ ስፌት፣ ለሹራብ ሥራና ለምግብ አሠራር ደግሞ በአማርኛ የተዘጋጁ በርካታ ፊልሞች በዩቲዩብ ይገኛሉ። በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ጨርቅ ወይም ዱቄት ስለሆነ በድፍረት ሞክሮ መማር ይቻላል። ስሕተቱ ሕይወት በሚያስከፍልበት ቦታ ግን ጥንቃቄው የዚያኑ ያህል መጨመር አለበት።

ነፃ ነው ሲባል

ዕውቀቱ ነፃ ቢሆንም ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነፃ አይደለም። የኢንተርኔት ፓኬጅ ከአስቤዛው ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ቁጠባ ያስፈልጋል። የተጻፈ ገጽ ከፊልም ይልቅ እጅግ ያነሰ ዳታ ስለሚወስድ፣ በንባብ ሊገኝ የሚችለውን በንባብ መፈለግ ይመረጣል። ፊልም ማየት ግድ ሲሆን የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ጠቃሚውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥም ለሁለተኛ ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። የሕፃን አመጋገብ ልትፈልግ ስልኳን ያነሣች እናት ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷን የዝነኞች ሠርግ ስትመለከት ልታገኘው ትችላለች። ልጇም አጠገቧ ሆኖ እርሷን ሳይሆን የስልኩን ጀርባ ሲያይ ይቆያል። መፍትሔው ስልኩን ከማንሣት በፊት የምንፈልገውን ወስኖ፣ ያንኑ አግኝቶ መዝጋት ነው።

በሳምንት አንድ ገጽ

እንግዲህ ይህ አምድ ለአንባቢያን የሚያቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይኑር፤ «የቤት ደብተር» ብንለው ይስማማል። በሳምንት አንድ ጉዳይ ብቻ እንምረጥ። ስለዚያ ጉዳይ ስም ካላቸው ሁለት ምንጮች እናንብብ፤ ሁለቱ ከተስማሙ በራሳችን ቃል፣ በአጭሩ፣ ልጅም አንብቦ ሊረዳው በሚችል አማርኛ በአንድ ገጽ ላይ እንጻፈው። ካልተስማሙ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ለሚያውቅ ሰው እናቅርበው። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቋረጣል፤ በእጅ የተጻፈ ገጽ ግን በሌሊትም በሻማ ይነበባል። ደግሞም በስልክ ያየነው ወዲያው ይረሳል፤ በእጃችን የጻፍነውና በእጃችን የሞከርነው ግን ይቆያል። በዓመት 52 ገጽ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ያላቋረጠ ቤት በልኩ የተሰፋ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ቁጥሮች በትልቁ ይጻፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ 939 ነው። ከሥራቸውም ስልኩ የሚዘጋባቸውና ጉዞ የሚጀመርባቸው ምልክቶች ይስፈሩ። ሕፃኑ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ካስቸገረው፣ በተቅማጡ ደም ከታየ፣ ማንኛውም ገጽ ወይም ፊልም ሐኪሙን አይተካም።

ይህ ሥራ የእናቶች ብቻ ሸክም እንዲሆንም አይገባም። የፈላ ውሃ ሲደፋ አባት ብቻውን ቤት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ደብተሩን እርሱም ያንብበው፣ እርሱም ይጻፍበት። የቤት ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ካለች፣ ቀኑን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር የምትውለው እርሷ ናትና ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሷ ይነበብላት፤ ማንበብ ካልቻለችም ለማስተማር መልካም አጋጣሚ ነው። የቡና ጊዜያችንም ቢሆን ከሐሜት ተርፎ አንድ ገጽ ለመለዋወጥ ይበቃል። አንዷ ስለ ቃጠሎ፣ ሌላይቱ ስለ ክትባት፣ ሦስተኛዋ ስለ ልብስ ስፌት ብታመጣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእኛ መንደር ይፈጸማል። ያቺ በሯ የማን እንደሆነ የማናውቀው ጎረቤትም በዚሁ ልትተዋወቀን ትችል ይሆናል።

ቀድሞ እናቶቻችን የሚያውቁትን ያስተማሩን መጽሐፍ ሳይኖራቸው ነው። እኛ ደግሞ የዓለም መጻሕፍት በእጃችን ላይ ሆነው ለልጆቻችን የምናወርሰው ወሬ ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። ልጆቻችን ነገ ጎጆ ሲወጡ ከቤታችን ይዘውት የሚወጡት ዕቃ ያረጃል፤ እናታቸው መርምራ፣ አጣርታና ሞክራ በእጇ የጻፈችው ደብተር ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በዚህ ሳምንት አንድ ደብተር ይገዛ፤ የመጀመሪያውም ገጽ ይጻፍበት።

የሳምንት ሰው ይበለን።